ቁጥሩን አንብቢልኝ

እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ አባቴ ፈሪ ነው ብዬ አምን ነበር። እንዲያው ፈሪ ብቻ ብል ያንሳል፤ የፈሪዎች አለቃ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም እንጂ በሆዴ የእሱ ጠባቂ አድርጌ ራሴን ሾሜ፣ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

ደግሞ ያለ ምክንያት አልነበረም። አባዬ ሰዓት ሠሪ ነው። ምሳ በልተን እማዬ ወደ ልብስ ስፌት ፋብሪካዋ ስትመለስ፣ እሱ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ መስኮቱ ሥር ይቀመጥና ያቺን በእጅ የምትያዝ ጌም ያወጣል። ሳሙና የምታክል ግራጫ ነገር ናት። ስክሪኗ ከብስኩት አይበልጥም፤ የራሱ መብራት እንኳን የለውም። ከኋላዋ ካሴት ይገባላታል። የካሴቱ ስም ረጅምና እኛ በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ ስለነበር እኛ ቤት "ነጩ" ነበር የምንለው።

ጌሙ እንዲህ ነው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እንግዶቹ በሙሉ በጠፉበት ሆቴል ውስጥ ብቻዋን ቀርታለች። ፋኖስ ይዛለች፤ ጋዙ ያልቃል። ሰባት ፍሬ ክብሪት አላት፤ ጌሙን ሴቭ ለማድረግ አንድ ክብሪት መጫር ግድ ነው። ክብሪቱ ካለቀ ሴቭ የሚባል ነገር የለም፤ ከሞትክ እንደገና ከመጀመሪያው። ዱላ እንኳን አልሰጧትም ምስኪኗን። በየኮሪደሩ ደግሞ ነጩ ሰውዬ አለ፤ ድምፅ ሰምቶ የሚመጣ፣ አፉ እስከ ጆሮው የተቀደደ።

"ነይ እስቲ አጠገቤ" ይለኛል አባዬ። "በሩ ጋ ማን አለ?"

"ማንም የለም፤ ግባ።"

"በግራ በኩልስ? የሆነ ነገር ቆሟል ልበል?"

"ወንበር ነው አባዬ! ወንበር! አትፍራ እንጂ።"

"እሺ እመቤቴ" ብሎ ይገባል።

ጉድ እኮ ነው! ትልቅ ሰውዬ፣ ጢም ያለው፣ ወንበር ይፈራል። እኔ ደግሞ ነጩ ድንገት ስክሪኑን ሞልቶ ብቅ ሲል ፊቴን ብብቱ ውስጥ እቀብር ነበር፤ ግን እሱን እንደ ፍርሃት አልቆጠርኩትም። ሙቀት ፈልጌ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬ ጨረስኩ።

አባዬ የሚጠይቀኝ ስለማያይ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። ዐይኑ ከዳር ከዳር እየጠፋ ነበር፤ መጀመሪያ የከዳው ደግሞ ጨለም ያለ ነገር ነው። ለሰዓት ሠሪ ዐይን ማለት እጅ ማለት ነው፤ ካወቁበት ማን ሰዓቱን አምኖ ይሰጠዋል? ስለዚህ ደብቆ ያዘው። ከእኔም ጭምር።

አንድ ሌላ የሚያጣው ነገርም ነበረ። ሰዓት ቢጠግንም ሰው የሚያውቀው "ዳኛው" በሚለው ስሙ ነው። ከከተማው ዳር እስከ ዳር ያሉ የድሮ ጌም ሰብሳቢዎች የሚዳኙት እሱ ጋ ነበር። ሻጭና ገዢ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ዕቃው አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ይቀመጣል። አባዬ ማጉያውን ከዐይኑ እስኪያወርድ ማንም አይናገርም፤ የሚያስል ሰው እንኳን ወጥቶ ነው የሚያስለው። ከዚያ አንድ ቃል ይወጣል፤ ወይ "ኦሪጅናል"፣ ወይ "ፎርጅድ"። አለቀ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ጋ ሄዶ ማሳየት ነውር ነው። ለቃሉ ደግሞ ሳንቲም አይቀበልም። "ከከፈላችሁኝ ለማን ብዬ እንደምፈርድ ምን ታውቃላችሁ?" ይላቸዋል።

ስንት ነገር ነበር የሚያየው! የካርቶኑን ጠርዝ፣ የመመሪያው መጽሐፍ የተሰፋበትን ሽቦ (ኦሪጅናሉ ትንሽ ዝጎ መገኘት አለበት)፣ የብሎኖቹን ጥርስ። ብሎኑ ካልተነካ ዋጋው እጥፍ ስለሆነ ካሴት መፍታት አይታሰብም። "ነጩ" ደግሞ የራሱ ምልክት አለው። ካሴቱ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ከታች ጥጉ ላይ ሁለት አሃዝ ቁጥር ታትሞበታል፤ ያለ ቀለም፣ በመጫን ብቻ። ወደ ብርሃን አጋድለህ ካላየኸው አይታይም። ጣትም አያገኘውም፤ ደግሞ ሥዕሉን በጣት የነካ ሰው ሰብሳቢዎቹ ዘንድ ነፍሰ ገዳይ ነው። ፎርጅድ የሚሠሩት ሥዕሉን ይሠሩታል፤ ያንን ቁጥር ግን አያውቁበትም።

በዚያ ዓመት አባዬ ትንንሽ የሴት ሰዓት መጠገን ተወ። "ሰለቸኝ" አለ። ብሎን በወረንጦ የማነሳለት እኔ ሆንኩ። "እጅሽ ይልመድ" ይለኛል፤ እኔም ደስታዬ ወሰን የለውም። ድመታችንን በቀን ሁለቴ ይረግጣታል። ድመቷም በኋላ ብልህ ሆና እሱ ሲነሳ ጠረጴዛ ላይ መውጣት ጀመረች።

አንድ ቀን ከመጋረጃው ጀርባ እማዬ ስትቆጣ ሰማኋት።

"እስከ መቼ ነው የምትደብቀው?"

"ትንሽ ታገሺኝ።"

"ልጅቷን ምርኩዝ አደረግካት እኮ! ቢያንስ ለእሷ ንገራት።"

"ትናገርብኛለች። ልጅ ናት።"

"አንተ የፈራኸው እሷን አይደለም። ራስህ ስትናገረው መስማት ነው የፈራኸው።"

ፈራህ የሚለውን ቃል ስሰማ በድል አድራጊነት አንገቴን ነቀነቅሁ። ይኸው እማዬም ታውቃለች! አንጀቴን በላው። ሰው ፊት እንዳይዋረድብኝ አጠገቡ መጥፋት የለብኝም ብዬ ወሰንኩ።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ከሰብሳቢዎቹ አንዱ የሆነው ባለ ታክሲ ከጠዋቱ ጀምሮ ሱቃችን አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን ያወዛውዛል። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሲገባም ሲወጣም የሚያፏጭ ሰው ነው። የእኛን ጌም የሠራውን ኩባንያ ጌሞች አንድ በአንድ ለቅሞ ጨርሶ የቀረው "ነጩ" ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የእኛን ሽጥልኝ እያለ አባዬን ሲለማመጠው ኖሯል። አሁን ሻጭ ተገኝቷል፤ ኮፍያውን የማያወልቅ አንድ ሰውዬ። ባለ ታክሲው ለዚህ ብሎ ሞተር ሳይክሉን ሸጧል።

"ሚስቴ ከቤት አባርራኛለች" አለ እየሳቀ። "ኦሪጅናል ካልከኝ ግን በር ላይም ቢሆን እተኛለሁ።"

አባዬ ካርቶኑን አሸተተው። መጽሐፉን ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። ከዚያ ማጉያውን ዐይኑ ላይ ሰክቶ ካሴቱን ወደ መስኮቱ አነሳ። አጋደለው። መለሰው። እንደገና አጋደለው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁ።

እኔ ደግሞ ሁሉን አዋቂዋ! ሥዕሉን ፈርቶ ነው አልኩ። ነጩ ፊት ለፊት አፍጥጦበት፣ ሁለት ወንዶች ፊት ሊያዋርደው ነው።

"ረዳቴ፣ ነይ እስቲ" አለ አባዬ፣ በቀልድ ድምፅ። "የልጅ ዐይን ይሻላል። እጅሽን ጥረጊና ቁጥሩን አንብቢልኝ።"

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ መጣሁ። ካሴቱን ጠርዝ ጠርዙን ይዤ ወደ መስኮቱ አነሳሁት።

የእኛው ካሴት ሁልጊዜ ጌሟ ውስጥ እንደተሰካ ስለሚውል ሥዕሉን በቅጡ አይቼው አላውቅም ነበር። ይኼኛው ግን አዲስ ነው፤ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ነጩ አፉን ከፍቶ፣ ጥርሱን ደርድሮ፣ እኔን፣ እኔኑ ብቻ ያየኛል። ክው አልኩ። ሳላስበው ዐይኔ ተጨፈነ።

ጨፍኜ ቆምኩ። የግድግዳ ሰዓቶቹ ቀጭ ቀጭ ይላሉ።

"አለ?" አለ አባዬ።

ፈራሁ ልበል? እኔ? ጠባቂዋ? ከምጠብቀው ፈሪ ፊት?

"አለ" አልኩ። "አርባ አንድ።"

"በደንብ አየሽው?"

"አርባ አንድ ነው አባዬ።" ዐይኔን በጨው አጥቤ። ያውም የጨፈንኩትን ዐይን።

አባዬ ማጉያውን አወረደ። "ኦሪጅናል ነው" አለ።

ባለ ታክሲው እንደ ሕፃን አንስቶ ጣሪያ አስነካኝ። እኔም እየሳቅሁ፣ እውነትም ቁጥሩን ያየሁት እስኪመስለኝ ድረስ ደስ አለኝ።

በአራተኛው ቀን ተመለሰ። አላፏጨም። ካሴቱን አረንጓዴው ጨርቅ ላይ አስቀመጠውና ቆመ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ሴቭ አላደርግ ሲለኝ ጊዜ ጓደኛዬ ጋ ወሰድኩት። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ቁጥር የሚባል ነገር የለበትም፣ ዳኛው። እንደ መዳፌ ለጥ ያለ ነው። ያ ሰውዬም ስልኩ ዝግ ነው። ከሌባ ጋር ተባብረህ ነው አልልም፤ አውቅሃለሁ። ግን እንዴት? ዐይንህ እያየ?"

እኔ ከትልቁ የቁም ሰዓት ጀርባ ነኝ። ባለ ታክሲው ዞር ብሎ አየኝ።

"ቆይ... ልጅቷ አይደለች እንዴ ያነበበችው?"

አለቀልኝ አልኩ። አባዬ "አዎ፣ እሷ ናት" ካለ አበቃ። አንዲት ቃል ብቻ ናት። ስሙም አይጎድፍ፣ ሥራውም አይነካ፤ ልጅ ተሳሳተች፣ ሌላ ምን አለው?

"ልጅቷን ተዋት" አለ አባዬ። "ዐይኔ አያይም።"

"ምን?"

"አያይም። በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ነው የማየው፤ እሱም እየጠበበ ነው። ዓመት አልፎኛል። ሐኪሙና ሚስቴ ናቸው የሚያውቁት። ሳላይ ነው ኦሪጅናል ያልኩህ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ባለ ታክሲው አግዳሚው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

እኔስ? እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። እንዴት ያለ ውሸት! አልኩ። ወንበር የሚፈራው አባቴ፣ እኔን ለማዳን ብሎ፣ ይህን የሚያህል ውሸት ቁጭ ብሎ ፈጠረ! እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም። ሮጬ ሄጄ ብስመው ይነቃብናል ብዬ ራሴን ያዝኩ።

ከዚያ አባዬ ተነሳ፤ መደርደሪያውን በእጁ ዳብሶ የራሳችንን "ነጩ" ከነካርቶኑ፣ ከነመጽሐፉ አወጣ።

"አይሆንም!" አለ ባለ ታክሲው። "ይሄ ያንተ ነው።"

"ውሰድ ብያለሁ፤ አታስለምነኝ።"

ዛሬ ያ ጌም ከነካርቶኑ ሲሸጥ የሚጠራው ዋጋ አፍ ያስይዛል። አባዬ ያኔም ዋጋውን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሥራው እኮ ነው። ስለ ጌሙ ሲቆጭ ግን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። የቆጨው ሌላ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ማንም "ዳኛው" ብሎ አልጠራውም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ ሱቁ ውስጥ ያሉትን የደንበኞች ሰዓቶች በብስኩት ካርቶን ሰበሰበ። ስምንት ነበሩ።

"ነይ፣ ለየባለቤቱ እንመልስ" አለኝ።

"ለምን? ሳትሠራቸው?"

"ስለማልችል።"

ወይ አባዬ! ውሸቱን እስከ መጨረሻው ሊያስኬደው ነው ብዬ ተደነቅሁ። እጄን ይዞኝ ወጣን። ካርቶኑን የምይዘው እኔ ነኝ። በየበሩ አንኳኩቶ ያንኑ ይላል፤ "ዐይኔ አያይም፤ ሰዓትዎን ሌላ ሰው ጋ ይውሰዱት። ቀደም ብዬ መናገር ነበረብኝ፤ ይቅርታ።" ፋርማሲስቷ አለቀሰች። ሥጋ ሻጩ ሰዓቱን ሳያይ ኪሱ ከቶ፣ "ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስትሠራልን ነበር?" አለ። አባዬ አንገቱን ደፋ። እኔ ቢላዋውን አንስቼ ሰውዬውን ብከትፈው ደስ ባለኝ። ይህን ሁሉ ውርደት የሚጠጣው ስለ እኔ ነው፤ አሁንስ በቃ፣ ሰዉ ሁሉ አምኗል አልኩ።

ከሰባተኛው ቤት ወጥተን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ገባን። ጭር ያለ ነው። ዕለቱ የሥራ ቀን፣ ሰዓቱ ጠራራ ፀሐይ።

"አባዬ፣ እዚህ ማንም የለም።"

"እሺ።"

"ማንም አያየንም እኮ። በቃ አሁን ተው።"

"ምኑን?"

አልገባውም። ወይም ጠንቃቃ ስለሆነ ነው አልኩ። ላሳርፈው ብዬ እጄን ከእጁ ውስጥ ቀስ አድርጌ አወጣሁና ወደ ኋላ ቀረሁ። ትንሽ እንኳን እንደ ልቡ ይሂድ ብዬ።

ሁለት እርምጃ ሄደ። ሦስተኛውን ክዳን የሌለው የጎርፍ ቦይ ውስጥ ረገጠና በግንባሩ ተደፋ።

በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ፤ መዳፉ ተገሽልጦ ይደማል። መጀመሪያ የተናገረው "ደህና ነሽ? የት ነሽ?" የሚል ነበር። እኔ ሮጬ ደርሼ በቀኙ፣ አንድ እርምጃ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። እሱ ግን ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ፣ እጁን ዘርግቶ፣ አየር እየዳበሰ ይፈልገኛል። "ወድቀሻል? ተናገሪ እንጂ!"

ፀሐይ ላይ ቆሜ አየሁት። እዚያው አጠገቡ ነኝ።

"እዚህ ነኝ" አልኩ፣ ከዚያም ዋይ ብዬ አለቀስኩ። ቦይ ውስጥ ዘልዬ ገብቼ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።

"ምን ሆንሽ? ተመታሽ?"

"ውሸትህን መስሎኝ ነው! እኔን ለማዳን የዋሸህ መስሎኝ ነው!"

ጀርባዬን በዚያ በሚደማ እጁ መታ መታ ያደርገኛል።

"ቁጥሩን አላየሁትም" አልኩት። "ሥዕሉን ፈርቼ ጨፍኜ ነበር። አርባ አንድን ከራሴ ነው ያመጣሁት።"

"አውቄያለሁ። ባለ ታክሲው ካሴቱን ሲመልሰው ገባኝ።"

"ታዲያ ለምን እሷ ናት አላልክም?"

"ምን ብዬ የኔ እናት? የእኔን ሥራ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ ጭኜ፣ ጭራሽ እሷን ልክሰስ? ደግሞ አንቺ የጨፈንሽው ለአንድ አፍታ ነው። እኔ ዓመት ሙሉ ነው ሰው ያታለልኩት።"

"አንተስ ፈርተህ ነው?"

"በጣም" አለኝ።

ከቦዩ አወጣሁት። አንዱ ሰዓት ብቻ ነበር የቀረን፤ የአንዲት ጡረተኛ መምህርት። በሩን ካንኳኳን በኋላ "እኔ ልንገርልህ?" ስለው፣ "የእኔን እኔ እናገራለሁ። አንቺ የራስሽን ለባለ ታክሲው ትነግሪዋለሽ" አለ።

"ዛሬ?"

"ዛሬ።"

ታክሲ ተራው ጋ ስንደርስ አባዬ አጥሩን ተደግፎ ቆመና "ሂጂ" አለኝ። ሄድኩ። ባለ ታክሲው መስታወቱን ሲወለውል ነበር፤ እኔን ሲያይ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ።

"ጋሼ" አልኩ። "ቁጥሩን ያነበብኩት እኔ ነኝ። አላየሁትም ነበር። ሥዕሉን ፈርቼ ዐይኔን ጨፍኜ ነው አለ ያልኩዎት። አባዬ ሊከስሰኝ አልፈለገም።"

ይቆጣል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እሱ ግን አፉን ከፍቶ አየኝ፤ ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ በራ። ሁለት ትከሻዬን ይዞ ጎንበስ አለ።

"እና ያን ሁሉ ያለው አንቺን ለመሸፈን ብሎ ነዋ! እሰይ! እኔ እኮ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዐይኑ ደህና ነው ማለት ነው! በይ ንገሪኝ፣ ዐይኑ ደህና ነው አይደል?"

ዘወር ብዬ አባዬን አየሁት። አጥሩ ጋ ቆሞ ማንም ወደሌለበት በኩል ፈገግ ብሏል።

"አይደለም" አልኩት። "እሱ እውነት ነው።"